የሞቀ ተልባ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ፊልተር አዳምጣለሁ» እላለሁ። ይስቃል። ይሳቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንደር ውስጥ ጨለም ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ የነፍሰ ጡር ሆድ በአልትራሳውንድ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያኔ ማንም አልሳቀብኝም። ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ፈህሚያ «ሐቢብ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ዓይንህን ከእኔ ላይ አንሣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዓይኔ ከቆዳ በታች መሄድ ለምዶበት፣ እንደ ድሮው ፊት ላይ አላርፍ ብሎኝ ነበር።

ስለዚያች ክፍል አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ክፉ ወሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ማሽኑ የሚፈልገውን ዝልግልግ ጄል በመዳፌ ይዤ ቆየት እልና ሆዱን እቀባለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ትንሿ ልብ ድርግም ድርግም ስትል ካየሁ «እሰይ፣ ደህና ነው» እላለሁ። ከሌለች ግን ጄሉን በሶፍት እጠርግና «ሐኪሙ ይነግርሻል» ብዬ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞራለሁ። ሕጉም እንደዚያ ነበር፤ ውጤቱን የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እኔ ግን ሕጉን ከሚገባው በላይ እወደው ነበር።

የፊልተሩን ሥራ ያመጣልኝ ካሣዬ ነው። ካሣዬ የአንድ የውኃ ፕሮጀክት መሐንዲስ ነው፤ ዕድሜው ከትልቁ ልጄ አይበልጥም፣ ችኮላው ግን ለአገር ይተርፋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ፊልተር ተክለዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ውኃው ከምንጭ ይመጣና ጥቁር ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሮቶው በፓምፕ ተገፍቶ ክንድ የሚያህል ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ውስጥ ሜምብሬን የሚሏት ስስ ነጭ ሽፋን አለች፤ ከእንቁላል ቅርፊት ሥር ያለችውን ገለፈት ትመስላለች። ውኃው ያልፋል፣ ተውሳኩ ከወዲያ ይቀራል።

ሜምብሬኗ ግን እየተደፈነች አስቸገረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ተጥለዋል።

«ጋሽ ሐቢብ፣ ይህቺ ሦስተኛዋ ናት» አለኝ ካሣዬ፣ በጥቅምት መጀመሪያ አዲሷን ስንገጥም። «እስከ የካቲት መጨረሻ ምን እንደሚደፍናት ካላወቅን ፊልተሩን ነቅለን ለትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ እንሰጠዋለን። እዚያም እናቶች ይወልዳሉ፤ እዚያ ደግሞ አይደፈን ይሆናል።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ያዳምጧት። ፍሰቱ ቀንሶ በዓይን እስኪታይ ከጠበቅን ቆሻሻው ደርቆ አይለቅም። በድምፅ ግን ገና ስስ ሳለ ይታወቃል።»

ዘዴው ከሆድ ምርመራ አይለይም። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ፕሮብ በሚሉት የእጅ መሣሪያ ወደ ቱቦው ትልካለህ፤ የሚመለሰውን ትጠብቃለህ። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ያውቀዋል፤ ገደሉ ቀረብ ካለ ማሚቶው ቶሎ ይመጣል፣ ራቅ ካለ ይዘገያል። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ አንድ ጉብታ ይወጣል፣ የቱቦው ግድግዳ ነው። ቀጥሎ ሌላ ጉብታ፣ ሜምብሬኗ ናት። ንጹሕ ከሆነች በሁለቱ መካከል ሜዳ ነው። ቆሻሻ ከለበሰች ግን ከሜምብሬኗ ጉብታ ፊት ሦስተኛ ትንሽ ጉብታ ትበቅላለች። እኔ የተቀጠርኩት ያቺን ሦስተኛ ለመጠበቅ ነው።

በየሳምንቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ከጎንደር እወጣለሁ። መንገዱ በተዘጋባቸው ቀናት ቤቴ ቀርቼ ፈህሚያን አሰለቻለሁ፤ በተከፈተ ቀን እሄዳለሁ። ድብ ባሕር ስደርስ ብዙ ጊዜ ጉም ነው። የታጨደው የገብስ ማሳ፣ ቆርቆሮው፣ ከመኪና መንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች፣ ሁሉም ግማሽ ግማሹ ብቻ ይታያል። ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ግራጫ ነገር ውስጥ ቅርፅ ስፈልግ የኖርኩ ነኝ። አንዳንዴ በሚኒባሱ መስኮት ሳይ ተራራው ራሱ የተረገዘ ጽንስ ይመስለኝና ዕድሜውን በሳምንት ለመገመት እሞክራለሁ።

ፊልተሩን የምትጠብቀው እንኳየሁ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። የማዋለጃውን ክፍል ታጸዳለች፣ ሮቶውን ትሞላለች፣ ፓምፑን ታስነሣለች። ልጅ የላትም፤ እዚያ ለሚወለደው ልጅ ሁሉ ግን የመጀመሪያውን ገላ መታጠቢያ ውኃ የምታሞቀው እርሷ ናት። ለፊልተሩ ያላትን ፍቅር ባየሁ ጊዜ አሾፍኩባት፤ ጠዋት ጠዋት ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች፣ ሲመሽ ብርድ እንዳይነካው ጆንያ ትደርብለታለች። የፊተኞቹ ሁለቱ ሲጣሉ አልቅሳለች ብለውኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ጄል አለቀብኝ። ጄል ከሌለ በፕሮቡና በቱቦው መካከል አየር ይገባና ድምፁ አያልፍም። ጎንደር ያሉትን ፋርማሲዎች ዞርኩ፣ የለም። ዘይት ሞከርኩ፣ ፈሰሰ።

«ቅቤ ብንቀባውስ?» አልኳት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። እንኳየሁ አማተበች። «በጾም ቀን? የወላድ ውኃ ላይ? ምነው አያ ሐቢብ!»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ በጣሳ ያልተወቀጠ ተልባ አፍልታና አጥልላ፣ ዝልግልጉን ብቻ ይዛ መጣች። ፕሮቡን በዚያ ቀብቼ ቱቦው ላይ ሳሳርፈው ሁለቱ ጉብታዎች ጥርት ብለው ወጡ። ሃያ ሁለት ዓመት በፋብሪካ ጄል የሠራሁ ሰው በተልባ ተሸነፍኩ። ተልባው ደግሞ ትኩስ ነበር፤ ከጣሳው እንፋሎት ይወጣል።

«ምነው አሞቅሽው? ፊልተር እኮ አይበርደውም» አልኳት።

«ግድ የለም። ሞቆ ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ተልባው ሞቆ ይጠብቀኛል። በየሳምንቱ «ፊልተር አይበርደውም» እላታለሁ፣ በየሳምንቱ «ግድ የለም» ትለኛለች።

ልኬቱን ስጨርስ ከተጣራው ውኃ በጣሳ ትሰጠኛለች። እንደዚያ ያለ ውኃ ከልጅነቴ ወዲህ አልጠጣሁም። ጣፋጭ አይባልም፣ መራራም አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ ጥቂት ቆይቶ የሚሄድ ነገር አለው። ጠጥቼ ግድግዳውን ስደገፍ ዓይኔ ይከደናል። ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ጉሙ በበሩ ይገባል፣ እኔ አሸልባለሁ።

በእንቅልፌ ያቺን የጎንደር ክፍል አያታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ግን ሴቶች አይደሉም፣ እንስራዎች ናቸው። አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ፕሮቡን ሆዳቸው ላይ ሳደርግ ውኃው ውስጥ ገላበጥ ይላል። «እሰይ» እላለሁ፣ ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ የምትገባዋ አንዲት ደብዛዛ እንስራ ናት፤ በእርሷ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። አፌን ስከፍት ከአፌ የሚወጣው ጉም ነው። በጎንደር ሰማይ ላይ ይዘረጋል፣ ከተማው ሁሉ ይጠፋል፣ እንስራዋ ግን እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ሁልጊዜ የምነቃው እዚህ ላይ ነው። ስነቃ እንኳየሁ ቱቦውን እየወለወለች አገኛታለሁ።

«ደከምዎት?» ትለኛለች።

«ውኃሽ ነው ያስተኛኝ፤ ሸጋ ውኃ ነው» አልኳት በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ። ፊቷ በራ። ያን ቃል ባልናገር ምንኛ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛዋ ጉብታ የታየችኝ ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። በጣም ትንሽ ናት፤ ሌላ ሰው ቢያይ የማሽኑ ስህተት ነው ይል ነበር። በደብተሬ ሣልኳት። ለሦስት ሳምንት ንቅንቅ ሳትል ቆየች። በታኅሣሥ መጨረሻ ስለካ አድጋ አገኘኋት። እንደገና ዝም። የጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ እጥፍ ሆናለች። ደብተሬን ዘርግቼ ቀኖቹን ባስተያይ ሁልጊዜ የምታድገው ወሩ ሃያ ካለፈ በኋላ ነው።

ዝናብ እንዳልል በጋ ነው። ፓምፑን ጠረጠርኩ፤ ፓምፑ ወር አይቆጥርም። የራሴን ተልባ ጠረጠርኩ፤ ተልባው የሚቀባው ውጪውን ነው። በመጨረሻ እንኳየሁን ጠየቅኋት።

«በሃያ በሃያ እዚህ ምን አለ?»

«በሃያማ የማርያም ዋዜማ ነው። ሮቶውን አጥባለሁ።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ። በማርያም፣ በወላድ እናት ቀን በቆሸሸ ሮቶ እንዴት ይዋላል?»

«ጎበዝ» አልኳት፣ ጉዳዩንም ዘጋሁት። ሮቶ መታጠቡ መልካም ነው፤ ካሣዬም በየወሩ ይታጠብ ብሎ ነበር። ታጥቦ እንዴት ይቆሽሻል? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔ ውኃውን ከጥሩው እየጠጣሁ ነገሩን ከሥሩ ማየት አቃተኝ። የካቲት ገባ። ካሣዬ «በሃያ አምስት እመጣለሁ፤ ምክንያቱን ካላገኙ መፍቻ ይዤ ነው የምመጣው» ብሎ ደወለ። ያን ቀን እንኳየሁ ስልኩን ሰምታ ነበር። የወለወለችውን ቱቦ እንደገና ትወለውል ጀመር፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። እርሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት አንዱን ምሽት፣ መግሪብ ተብሎ፣ ጾሜን ልፈታ ቴምሬን ጎርሼ ፈህሚያ የሰጠችኝን ውኃ አነሣሁ። አንድ ጊዜ ስጎነጭለት ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ድብ ባሕር ነኝ። ጉሙ በበሩ እየገባ ነው፣ ፓምፑ ያጉረመርማል። ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ እናቴ ሃጂራ ማሰሮውን በጉልበቷ መካከል ይዛ ወደ እኔ ታዘነብላለች።

«ምነው? ቴምሩ ነቀዘ?» አለች ፈህሚያ።

«ይህን ውኃ ምን አድርገሽዋል?»

«ምን አደርገዋለሁ? ለፊጥራ ብዬ ማሰሮውን ወይራ አጠንኩት። እናትህም ታደርገው የለም እንዴ?»

ታደርገው ነበር። ወይራውን ገል ላይ ታጨስና ማሰሮውን ትደፋበታለች፤ ጭሱን ጠጥቶ ሲያበቃ ውኃ ትሞላዋለች፤ ያ ውኃ ጾም የዋለ ጉሮሮ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። አራት ወር ሙሉ ያንኑ ጠጥቻለሁ። ምክንያቱ በየሳምንቱ በአፌ ሲያልፍ፣ እኔ በስክሪን እፈልገው ነበር። እንኳየሁ ሮቶውን አጥባ ታጥነዋለች ማለት ነው። የወይራ ጭስ ቅባት አለው፤ ሮቶው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ ሜምብሬኗ ላይ ይተኛል። ጠረኑ ያልፋል፣ ቅባቱ ይቀራል። የጥሩ ጉብታ ለምን እጥፍ እንደ ሆነችም ገባኝ። በታኅሣሥ «ሸጋ ውኃ ነው» ብዬ ያመሰገንኩት እኔ ነኝ፤ እንኳየሁ የተመሰገነበትን ነገር አብዝታዋለች። ውኃውን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ፤ ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

ያን ሌሊት ሕልሜ ውስጥ ያቺ ደብዛዛ እንስራ አልመጣችም። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ ኮሪደሩን የሞላው የወይራ ጠረን ብቻ ነው።

የካቲት ሃያ በማለዳ ድብ ባሕር ደረስኩ። ጉሙ እስከ ጉልበት ወርዶ ነበር። ከማዋለጃው ጀርባ ስዞር ከሮቶው አፍ ሌላ ጉም ሲወጣ አየሁ፤ ይህኛው ሰማያዊ ነው። እንኳየሁ መሰላል ላይ ቆማለች። ሮቶውን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባዋለች፤ ቅጠሉ መሬቱ ላይ ተበትኗል። ፍም የያዘ ገል በሽቦ አንጠልጥላ ወደ ውስጥ አውርዳለች፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ጭሱን ትመልሳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። የሚጤሰው ሮቶ፣ ሴቲቱ፣ ጉሙ፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ነበሩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም፤ ባላየሁት ብዬም ተመኘሁ።

«አያ ሐቢብ! ዛሬ በጠዋቱ?» አለች ወደ ታች አይታ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ ማርያም አይደለች? ለጠላ እንኳ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የወላድ ውኃ ሳይታጠን እንዴት ይጠጣል? ዛሬ ደግሞ አብዝቼዋለሁ። ካሣዬ በሃያ አምስት ሲመጣ ቢቀምሰው አይነቅለው ይሆናል ብዬ።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ጉም ነው። እግዜር ያሳይህ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በአንድ መሰላል ርቀት ላይ ቆሜ ለአንዲት ሴት እውነቱን ለመናገር ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ወይራዋን የመረጠችው እርሷ፣ ገሉን የያዘችው እርሷ፣ ሁለቱን ፊልተር ያጣችው እርሷ። ፊቴን ወደ ማሽኔ ሻንጣ አዞርኩ።

«እንግዲህ… ካሣዬ ይመጣ የለ? እርሱ ይነግርሻል» አልኩ።

ቀስ ብላ ገሉን ከሮቶው አወጣች፣ ከመሰላሉ ወረደች፣ ፍሙን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ፊቴ ቆመች።

«ዛሬም ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ?»

«ምን አልሽ?»

«‹ሐኪሙ ይነግርሻል› ብለውኝ ነበር። ጎንደር። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እርጉዝ ነበርኩ፣ ስምንተኛ ወሬ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው አሉና ሁለት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እርስዎ ምንም ስላላሉኝ ደህና መሰለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስም ሳወጣለት ቆየሁ።»

ከዚህ አካባቢ የታመመች ነፍሰ ጡር ሁሉ ወደ ጎንደር ትላካለች፤ ወደ ጎንደር የተላከች ሁሉ በእጄ አልፋለች። ሊደንቀኝ አይገባም ነበር። እኔ ግን ከመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጥኩ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቀሽኛል?»

«ከበሩ ሲገቡ።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እርስዎም ዝም ብለው ነበር።»

ፍሙ አጠገባችን እየጤሰ ነበር። ጭሱ ወደ እኔ መጣ፣ እናቴን እናቴን ይሸታል። ያኔ ተናገርኩ።

«እንኳየሁ፣ ፊልተሩን የሚደፍነው ጭስሽ ነው።»

ሻንጣውን ከፍቼ ደብተሩን ዘረጋሁላት። ኅዳር ሃያን፣ ታኅሣሥ ሃያን፣ ጥር ሃያን አሳየኋት። የጭሱ ቅባት ከሮቶው ተነሥቶ የት እንደሚተኛ ነገርኳት። አንዲትም ቃል አልሸሸግሁም፣ አላለሳለስኩም፤ እንዴት እንደሚለሳለስም አላውቅ። መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው።

«የፊተኞቹ ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ነሽ። እኔም ነኝ። በታኅሣሥ አመስግኜ አስጨምሬሻለሁ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እኔ ግን ፊቴን አላዞርኩም። ከባድ ነው፤ ሐኪሞቹ ይህን በየቀኑ እንዴት ችለውት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገና አሰብኩ።

«ይህቺስ?» አለች በመጨረሻ። «ይህቺም ሞታለች?»

«አልሞተችም። ገና ስስ ነው፣ ይለቃል። ዛሬ ካጠብናት ትድናለች።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥዎታል?» አለችኝ። ተነሣሁ።

ሮቶውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብነው፤ ጠረኑ እስኪጠፋ። ካሣዬ የተወልንን የማጠቢያ ሶዳ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠን በቱቦው ውስጥ አዞርነው። የወጣው ውኃ መጀመሪያ የተልባ ቆዳ ቀለም ነበር፣ ቀስ እያለ ነጣ። እርሷ ተልባዋን አምጥታ ነበር፣ እንደ ልማዷ ትኩስ። ፕሮቡን ቀብቼ አሳረፍኩ። ሦስተኛዋ ጉብታ አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አነሰች። ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን፤ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ጉሙ በበሩ ይገባል፣ እኛ እንጠብቃለን። ጊዜው ስንት እንደ ሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሳይ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ሜዳ ሆኗል።

«እሰይ» አልኩ። «ደህና ናት።»

ካሣዬ በሃያ አምስት እንዳለው መፍቻ ይዞ መጣ። ፍሰቱን ለካ፣ እንደ አዲስ ነው። ደብተሬን አገላበጠ። ጭስ መሆኑን ነገርኩት።

«የምን ጭስ? ማነው ያጨሰው?»

የማዋለጃው ማድቤት ከአጠገቡ ነው፤ «የማድቤቱ ይሆናል» ብል ያምነኝ ነበር። እንኳየሁ አልጠበቀችኝም።

«እኔ ነኝ። ሮቶውን በየወሩ በወይራ አጥነው ነበር። ፊተኞቹንም የደፈንኳቸው እኔ ነኝ።»

ካሣዬ መፍቻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። እናቱ ጋን ስታጥን ያደገ ልጅ መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«ሮቶ የሚታጠን መሆኑን…» አለና ተወው። «ከእንግዲህስ?»

«ከእንግዲህ ሮቶውን በሙቅ ውኃ ብቻ አጥባለሁ። የማጥነው ማሰሮዬን ነው። የተጣራውን ውኃ በታጠነው ማሰሮ እቀዳለሁ፤ ጭሱ ከፊልተሩ ወዲህ ይሁን። ይከለከላል?»

ካሣዬ እኔን አየኝ። እኔ እርሷን አየሁ። ይህን መላ አልነገርኳትም፤ በአምስት ቀን ውስጥ ከራሷ ያመጣችው ነው። ካሣዬ ከት ብሎ ሳቀና መፍቻውን ሻንጣው ውስጥ ጣለው። ፊልተሩ ድብ ባሕር ይቀራል ብሎ ፈረመ፤ እንደ ልማዱ ቸኩሎ ሄደ።

እኔ ሚኒባሴን እየጠበቅሁ ቀረሁ። ጾም ላይ ስለ ነበርኩ ውኃ አልሰጠችኝም፤ ለፊጥራዬ ብላ ከታጠነው ማሰሮ በፕላስቲክ ቀድታ ከሻንጣዬ ጎን አስቀመጠችልኝ። የመጨረሻ ልኬት ልውሰድ ብዬ ማሽኑን አበራሁ። እርሷ ተልባውን ልታመጣ ገባች። ተመልሳ መጥታ ግን ጣሳውን አልሰጠችኝም፣ በሁለት እጇ ይዛው ቆመች።

«አያ ሐቢብ። ያን ቀን ምን አዩ?»

የቱን ቀን እንደምትል አልጠየቅሁም። የዚያን ዘመን ስክሪኖች ሁሉ ላስታውስ ሞከርኩ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ጸጥ ያሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱን አንሥቼ ‹ጉንጩን ተንተርሶ የተኛ ይመስል ነበር› ብላት ደስ ይላት ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም።

«አላስታውስም» አልኳት። «ብዙ ነበሩ። ይቅር በይኝ እንኳየሁ፣ አላስታውስሽም።»

አንገቷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችው መልስ ይመስል።

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች። «ጥር ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ያን ቀዝቃዛ ነገር ሆዴ ላይ ከማፍሰስዎ በፊት በመዳፍዎ ይዘው አሞቁት። ልጄ እንዳይበርደው ነው አልኩ። ያን ቀን ለልጄ ደግ የሆነለት ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ጣሳውን ዘረጋችልኝ። እንፋሎቱ በመካከላችን ይወጣ ነበር።

«እንኩ» አለች፣ «ሳይቀዘቅዝ።»